ሞሄንጆ ዳሮ፦ «የሙታን ጉብታ» ወይስ «የሞሃን ጉብታ»?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። ፓኪስታን፣ ሲንድ ግዛት ውስጥ ስላለችው ጥንታዊ ከተማ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ስሟን አንዱ «የሙታን ጉብታ»፣ ሌላው «የሞሃን ጉብታ» ይለዋል። የቱን ልያዝ? «ጉብታ» የሚለውም አልተዋጠልኝም። ኮረብታ ቢባልስ?

መላሽ፦ የተለመደው «የሙታን» ነው። ቋንቋው ሲንድኛ ነው። «ሞኤን» ሙታን፣ «ዳሮ» ጉብታ። መሃል ያለችው «ጆ» የእኛ «የ» ናት። እኛ እናስቀድማታለን፣ እነሱ ያስከትሏታል። «የሞሃን» የሚሉት ሞሃን የሂንዱ አምላክ የክሪሽና መጠሪያ ስለሆነ ስሙን ወደዚያ ይስቡታል።

አንድ ነገር ግን ግልጽ አድርግ። ይህን ስም የከተማዋ ሰዎች አላወጡትም። ከተማዋ ያበበችው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 እስከ 1900 ገደማ ነው። የኢንደስ ጽሑፍ፣ ማለትም በኢንደስ ወንዝ ሸለቆ የነበረው የዚያ ሥልጣኔ ጽሑፍ፣ እስከ ዛሬ ስላልተነበበ እነሱ ምን ብለው ይጠሯት እንደነበር አይታወቅም። ስሙን ሰምቶ መካነ መቃብር የሚጠብቅም አለ። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲቆፈር የወጣው ግን ሰው የሞቀ ኑሮ የኖረበት ከተማ ነው፦ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ በጡብ የተገነቡ የውኃ ጉድጓዶች፣ በየቤቱ መታጠቢያ፣ የተከደነ የፍሳሽ ቦይ። ታላቁ መታጠቢያ ብቻውን 12 ሜትር በ7 ሜትር ይሆናል። ውኃ እንዳያሰርግ በምድር ዝፍት ተለብጧል። ዘፍጥረት 11 ላይ የባቢሎን ግንበኞች የተጠቀሙበት ዓይነት መሆኑ ነው።

ሌላ አባል፦ «ጉብታ»ን አትንካው! ኮረብታ የተፈጥሮ ነው። ይሄ ቤት ሲፈርስ፣ በላዩ ሌላ ሲሠራ፣ እሱም ሲፈርስ የተከመረ ነው። ዕብራይስጥ ለዚህ ራሱን የቻለ ቃል አለው፣ «ቴል» ይለዋል። እስራኤል ያለን ሰዎች በየመንገዱ ምልክት ላይ እናየዋለን። የቴል አቪቭ «ቴል»ም እሱው ነው። ሕዝቅኤል 3፥15 ላይ «ቴልአቢብ» የሚል ታገኛለህ።

መላሽ፦ ልክ ነው። ህንድ፣ ጉጃራት ግዛት ያለችው የዚያው ሥልጣኔ ከተማ ሎታልም ትርጉሟ ያው «የሙታን ጉብታ» ነው። እዚያው ህንድ፣ ራጃስታን ግዛት ያለችው ካሊባንጋን ግን ትለያለች፣ «ጥቁር አምባሮች» ማለት ናት። የሸክላ አምባር ስብርባሪ መሬቱ ላይ ተበትኖ ስለሚገኝ ነው። እኔ ይሄኛውን ስም እወደዋለሁ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ «ጉብታ» ጸድቋል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ «ኢንደስ» ልበል ወይስ «ሲንድ»?

መላሽ፦ ለወንዙ ኢንደስ፣ ለግዛቱ ሲንድ። «ህንድ»ን ጨምሮ ሁሉም ከሳንስክሪቱ «ሲንዱ» የመጡ ናቸው፣ ወንዝ ማለት ነው።