ጥቆማ፦ ድሬ ላይ ክትባቱን የት? ኮንዶሙን ከየት?

ሰሞኑን አንዲት እህት «ላገባ ሁለት ወር ቀረኝ፤ የኤችፒቪ ክትባት ድሬ ውስጥ የት አገኛለሁ?» ብላ ጠየቀች። ኤችፒቪ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ፣ የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ነው። ከመላሾቹ ግማሹ መረቃት፣ ግማሹ ቀለደባት። እኔ እዚህ ያለውን እያነጻጸርኩ ልሞክር።

አቦ፣ ከኤችፒቪ በፊት ሄፓታይተስ ቢ! ማንም አይጠይቀውም እንጂ አዋቂ ሰው ገንዘብ አውጥቶ የማይቆጭበት ክትባት እሱ ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥና ጉበት ያበላሻል፤ ካንሰርም ያመጣል። አገራችን ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ፔንታቫለንት በሚባለው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች «እኔማ በልጅነቴ ተከትቤያለሁ» ብለን አንዝናና።

መጀመሪያ ምርመራ ነው። ኤችቢኤስኤጂ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀላል የደም ምርመራ ነው። ቫይረሱ ከተገኘ ክትባቱ አይጠቅምም፤ ወደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ሄዶ የጉበት ክትትል መጀመር ነው። ከሌለ ሦስት ዶዝ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያ በስድስተኛው ወር። ሙሽራዋ ዛሬ ብትጀምር ሁለቱን ከሠርጉ በፊት ታደርሳለች። እጮኛዋም አብሯት ይመርመር። እሱ ቢገኝበት ሠርግ አይፈርስም። እሷ ሦስቱን ትጨርሳለች፣ ከመጨረሻው ዶዝ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ መከላከያው መያዙን በደም ታረጋግጣለች፣ እስከዚያ ኮንዶም።

የትኛው ክሊኒክ? ለአዋቂ በአብዛኛው የግሎቹን ነው የምትዞሩት፤ ከዚራ ወይም ሳቢያን። ዋጋው እንደየቤቱ ስለሚለያይ የአንዱን ዶዝ ሳይሆን የሦስቱን ዶዝ ድምር ጠይቁ። ከዋጋ በፊት ግን ፍሪጁን! ሁለቱም ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። የድሬን ሙቀትና የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ጄኔሬተር አለ? ቴርሞሜትሩን ላየው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆጣ ነርስ ካለ ሌላ ቤት ሂዱ። ከበረዶ ጋር ተጣብቆ የቀዘቀዘም አይሆንም፤ እነዚህ ክትባቶች በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ። የአንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ታያላችሁ። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረች ወይም ከባሰች አትከተቡ። በመንግሥት በኩል በሚመጣው ላይ ትገኛለች፤ በግል የሚገባው ሁሉ ላይኖረው ይችላል።

አሁን ወደ ኤችፒቪ። ዕድሜያቸው ለደረሰ ልጃገረዶች በነፃ ነው፤ ስለዚህ ለልጃችሁ ክሊኒክ አትዙሩ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ላሉት በአንድ ዶዝ ዘመቻ ተደረገ። ያመለጣት ልጅ ካለች ቀበሌያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። «ልጅ ያሳጣል» የሚለውን ወሬ እባካችሁ ተዉት።

ለሙሽራችን ግን ቶሎ መልስ የለኝም። የሚሰጠው የግል ቤት ከተገኘም ዋጋው ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ21 ዓመት በላይ ለሆኑ ሁለት ዶዝ በስድስት ወር ልዩነት ይበቃል ይላል፤ ሦስት የሚላችሁ ክሊኒክ የአምራቹን መመሪያ ይዞ ነው። ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላም ገና ላልያዟት የቫይረሱ ዓይነቶች ይጠቅማል፤ የያዛትን ግን አያድንም። ካንሰር የሚያመጡትን የቫይረሱን ዓይነቶች ሁሉ ስለማይሸፍን ምርመራ አይቀርም። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማኅፀን በር ምርመራውን አሁኑኑ አድርጉ። በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት ቀደም ብላ ትጀምራለች። ጤና ጣቢያ ትጠይቃላችሁ፤ ሰልፉ ካስቸገራችሁ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርን ሞክሩ። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ማንም ዓይኑን የማያፈጥባችሁ ቦታ መምረጥ ቅንጦት አይደለም።

ኮንዶም? ጤና ጣቢያ በነፃ አለ። ፋርማሲ ሕይወት ትረስትም ሴንሴሽንም ታገኛላችሁ። በመከላከል አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ልዩነቱ ስሜትና ሽታ ነው። እኔ የምከራከረው ስለ አቀማመጥ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ በቆርቆሮ ሱቅ የተሰቀለ፣ ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ የከረመ፣ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ወር የተቀመጠ ኮንዶም አላምንም። ከፋርማሲ ግዙ፣ ቀኑን እዩ። ቫዝሊን ወይም ዘይት አትቀቡት፤ ላስቲኩን ያዳክመዋል። ማለስለሻ ካስፈለገ በውኃ የተሠራውን በሉ። ለኤችፒቪና ብልት ላይ ቁስል ለሚያወጣው ኸርፒስ ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ ያልተሸፈነ ቆዳም ያስተላልፋል። ኸርፒስ ደግሞ ክትባት የለውም። ቁስል ሲወጣ ግንኙነት ማቆም፣ ሐኪም ማየት ነው።

ኤችአይቪም ክትባት የለውም፤ መድኃኒት ግን አለው። ባል ወይም ሚስት ቫይረሱ ካለባቸው፣ ሌላኛው ነፃ ከሆነ፣ ነፃ የሆነው እንዳይያዝ ቀድሞ ስለሚወስደው ፕረፕ ስለሚባል መድኃኒት ጠይቁ። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ የሆነ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም፤ ይህን የማያውቅ ዘመድ ብዙ ትዳር በትኗል።

ኮንዶም ተቀደደ ወይም ሰው ተደፈረ እንበል። ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚወሰደው፣ ፔፕ የሚባለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እዚህ ላይ ማነጻጸር የለም። የግል ክሊኒክ ስትዞሩ ሰዓቱ ያልቃል። ቅዳሜ ማታ ቢሆን ሰኞን አትጠብቁ፤ በቀጥታ ድል ጮራ ድንገተኛ ክፍል። ለተራው ምርመራና ክትባት ግን ጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ ድሬ ትተኛለች።

ሐረር ላላችሁ ድንገተኛው ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ነው። ሁለተኛውን ዶዝ እዚያ የምትወስዱ ከሆነ የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ውጡ፤ የመጀመሪያው ቀንና የክትባቱ ስም የተጻፈበት መሆኑን ክሊኒኩ በር ላይ እያላችሁ አረጋግጡ።