ሼፐርድስ ፓይ እምቢ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ወገኖቼ፣ የምኖረው ለንደን ነው። አማቴ እንግሊዛዊት ናቸው፤ እሑድ ለምሳ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ «ሼፐርድስ ፓይ እሠራለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ (የተፈጨ የበግ ሥጋ ላይ የተፈጨ ድንች ተደልድሎ ኦቨን ውስጥ የሚጋገር የእንግሊዞች ምግብ ነው)።

ሁለቴ ሞከርኩ፣ ሁለቴም ተበላሸ። 500 ግራም የተፈጨ የበግ ሥጋ በሽንኩርትና በካሮት አቁላላሁ። (በበሬ ከተሠራ ስሙ ኮቴጅ ፓይ ነው ብለው አማቴ አርመውኛል።) የቲማቲም ድልህ፣ ጦስኝና ሁለት ኩባያ መረቅ ጨመርኩ። ድንቹን ቀቅዬ በቅቤና በወተት ፈጨሁት። ትኩሱ ሥጋ ላይ ደልድዬ 200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 30 ደቂቃ አቆየሁት።

ሳወጣው ድንቹ መሃሉ ላይ ሰርጓል። መረቁ ዳር ዳሩን ይንተከተካል። ላዩ ቡናማ ሆኖ መንኮሻኮሽ ሲገባው፣ መሃሉን ለቅቤ የጎደጎዱት ገንፎ መስሎ ቁጭ!

መረቁ በዝቶ ነው? በዱቄት ላወፍረው? ወይስ ሥጋው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረብኝ? ድንቹ ደግሞ ትናንሾቹ የሰላጣ ድንች ነበሩ፤ ስፈጫቸው እንደ ሙጫ ተሳቡብኝ። ጥፋቱ የነሱ ይሆን እንዴ? በርበሬ ንክች አላደረግሁም፣ በሱ አትጠርጥሩኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ቶሎ በሉልኝ።