የቫዮሊኔ መቃኛ አልይዝ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ቫዮሊን የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የኤ ክር መቃኛ (ክሩ የሚጠቀለልበት የእንጨት ቁልፍ) አልይዝ ብሏል። 440 ኸርዝ ላይ አድርሼ እጄን ሳነሳ ተመልሶ ይፈታል፣ አንዳንዴ ደግሞ እየተጫወትኩ መሃል ላይ ጧ ብሎ ይለቅና ሌሎቹንም ክሮች ከቅኝታቸው ያወጣብኛል። በጣም ያናድዳል።

ወደ ውስጥ ገፋ እያደረግኩ ነው የማጠብቀው። ክሩንም ፈትቼ የመጨረሻዎቹ ዙሮች መቃኛዎቹ ወደሚሰኩበት ሳጥን ግድግዳ እንዲጠጉ አድርጌ ጠቅልዬዋለሁ፣ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ቅኝቱን በጥቂቱ በምታስተካክለው ትንሿ ብሎን እንዳላስተካክለው ብሎን ያለው ኢ ክር ላይ ብቻ ነው።

አንዱ ጠመኔ ቀባው ይለኛል፣ ሌላው ሳሙና። ጠመኔ ያስይዛል፣ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ታዲያ የቱን ልስማ? ደጋኑ ላይ የሚቀባውን ሙጫ ቀባበት ያለኝም አለ፤ እሱን እንኳ ፈራሁት፣ ከተጣበቀ ማን ያላቅቀዋል!

መቃኛውን አውጥቼ ሳየው የሚያብለጨልጨው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ቀዳዳው ተበልቶ ይሆን ወይስ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ተኮማትሮ? ሁሉንም ክር ባንዴ ማውለቅ አልፈልግም፣ ውስጥ ያለችው የድምፅ ምሰሶ በክሮቹ ግፊት የቆመች ስለሆነች ትወድቅብኛለች። ራሴ ላስተካክለው የምችለው ነገር ነው ወይስ ባለሙያ ጋ ልውሰደው?