ምስል በቀጥታ የሚደራርበው ሶፍትዌር ኦሪዮን አናት ላይ ሲደርስ ፍሬሞቹን ለምን ይጥላል?

የደብረ ብርሃን መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በትምህርት ቤታችን የሥነ ፈለክ ክበብ ምስል በቀጥታ የሚደራርብ ሶፍትዌር እንጠቀማለን። የቴሌስኮፑ ማቆሚያ ሞተር ቢኖረውም የሚዞረው ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ ነው። ካሜራው ለ10 ሰከንድ ብርሃን እየሰበሰበ አንድ አንድ ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) ያነሳል፤ ሶፍትዌሩም ኮከቦቹን እያገጣጠመ ይደራርባል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላየሁም። የኦሪዮን ኔቡላ (በኦሪዮን የኮከብ ስብስብ ውስጥ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) በመጀመሪያው ፍሬም ላይ የደበዘዘ ጭጋግ ነው፤ ፍሬሙ ሲበዛ ክንፎቹ ይዘረጋሉ፣ ቀይ ቀለሙ ይወጣል፣ ልጆቹም በዚያ ብርድ ከላፕቶፑ ፊት አይነቃነቁም።

ችግሩ የሚመጣው በጥር ወር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ኔቡላው ወደ አናታችን በተጠጋ ቁጥር ሶፍትዌሩ ፍሬም እየጣለ ይሄዳል፤ ምስሉም ማደጉን ያቆማል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋስ የለም፣ የቴሌስኮፑን ጥራት ማስተካከያም የነካው የለም። የሚታየን «ፍሬሙ ተጥሏል» የሚል መልእክት ብቻ ነው። የሶፍትዌሩ አዘጋጆች የተጠቃሚ አስተያየት እየሰበሰቡ ስለሆነ ከመጻፌ በፊት ምክንያቱን ላውቅ እፈልጋለሁ።

ከስቶክሆልም፦
መምህር፣ የምስል መዞር ነው። እንዲህ ያለው ማቆሚያ ኔቡላውን መሃል ላይ ይይዘዋል እንጂ የሰማዩን መሽከርከር አይከተልም። መዞሩ ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብና ኮከቡ ወደ አናት ሲጠጋ ይፈጥናል። ኦሪዮን እኔ ጋ ደቡብ ላይ ሲደርስ ከፍታው 25 ዲግሪ ብቻ ነው፤ እናንተ ጋ ግን ወደ 75 ይጠጋል። ስሌቱን ሠርቼዋለሁ፦ በእናንተ ሰማይ ምስሉ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ ይህም እኔ ጋ ካለው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ ከመሃል 1000 ፒክስል የራቀ ኮከብ ወደ 3 ፒክስል ይለጠጣል። ሻርፕካፕን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች የኮከብን ስፋት ለክተው ከገደብ ያለፈውን ፍሬም የሚጥል ማጣሪያ አላቸው፤ የእናንተም ይህንኑ የሚያደርግ ይመስለኛል። የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ ወደ 3 ሰከንድ ያውርዱት።

አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፦
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኮከቡ በቀጥታ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ሲሆን መዞሩ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በታኅሣሥ መጨረሻ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ኦሪዮን በምሥራቅ በኩል 45 ዲግሪ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ በ10 ሰከንድም ምንም አይጥልም። የሰማዩን መሽከርከር እንዲከተል ማቆሚያውን ወደ ሰሜን ዋልታ የሚያዘነብል መደገፊያ ለመግዛት ካሰቡ ወደ 10 ዲግሪ ዝቅ ማለት መቻሉን አስቀድመው ይጠይቁ። አቅጣጫውን ለማስተካከል የሚያገለግለው የሰሜን ኮከብም በእኛ አገር ከአድማስ ብዙም ስለማይርቅ ኮረብታ ሊጋርደው ይችላል።

ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬም ያስቀምጡ። ሲሪል የተባለው ምስል መደራረቢያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ ፎልደሩን እየተከታተለ አዲስ የገባውን ፍሬም ይደራርባል። የተጣለውንም በማግሥቱ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ በአንድ ማየት ይቻላል።

የደብረ ብርሃን መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁም ትልቅ ነገር አድርጋችሁልኛል። ትናንት ማታ በ3 ሰከንድ ሞከርነው፤ ኔቡላው አናት ላይ እያለ የተጣለው ፍሬም ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ጭለማ ቢሆንም የምስሉ ጥራት በፍሬሞቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሚያድግ መቶ ፍሬም ሲደረብ አሥር እጥፍ ይሻሻላል። ይህን በሰሌዳ ላይ ከማስረዳት ልጆቹ በዓይናቸው ሲያዩት ይበልጣል።

ለአዘጋጆቹ የምጽፈውም ተለይቶልኛል። ሶፍትዌሩ ፍሬም ሲጥል ምክንያቱንና የለካውን ቁጥር አብሮ ያሳይ፦ «ኮከቦቹ ተለጥጠዋል» ወይም «በቂ ኮከብ አልተገኘም»። ያለንበትን ቦታና ቴሌስኮፑ የሚያይበትን አቅጣጫ ያውቃል፤ ስለዚህ እዚህ ከፍታ ላይ ከስንት ሰከንድ መብለጥ እንደሌለብን አስልቶ ማስጠንቀቅ ይችላል። ከምድር ወገብ አጠገብ ለምንኖር ሰዎች ይህ ትርፍ ጌጥ አይደለም። አዘጋጆቹ ከምድር ወገብ ርቀው የሚኖሩ ከሆነ ችግሩ ይህን ያህል ላይታያቸው ስለሚችል እኛ ካልነገርናቸው አያውቁትም፤ በዚህ የተቸገራችሁ ሁሉ እባካችሁ ጻፉላቸው። የኬክሮስ መስመራችሁን፣ የኮከቡን ከፍታና የተጠቀማችሁበትን ሰከንድ መጥቀስ አትርሱ።