«ይህን ያህል ታጣቂ ተገደለ» የሚለውን ዜና እንዴት ነው የምትሰሙት?

የአዳማው ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። ከአባቴ ጋር ያላስማማንን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አባቴ ወታደር ነበር። ታኅሣሥ 1999 ሶማሊያ ገብቶ ባይደዋ ከርሟል። አሁንም የማታ ዜና አያመልጠውም። ሰሞኑን በአየር ድብደባ የአልሸባብ ታጣቂዎች ተገደሉ ሲባል ሰምቶ «በቃ አለቀላቸው» አለኝ። እኔ ይህን ዜና ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እየሰማሁት ነው። ቁጥሩ ቢደመር ድሮ ማለቅ ነበረባቸው። ዜናው ነው ልክ ያልሆነው ወይስ ድብደባው ነው የማይሠራው? የገባው ያስረዳኝ።

ተርጓሚዋ፦
ወንድሜ፣ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ስድስት ዓመት የውጭ ዜና ተርጉሜያለሁ። ያደረግኩትን ልንገርህ። የሚደርሰን ጽሑፍ «የአሜሪካ ጦር የአፍሪካ ዕዝ አምስት ታጣቂዎችን መግደሉን አስታወቀ» ይላል። ሰዓት ሲያጥረኝ «አስታወቀ» የምትለዋን ቆርጬ «አምስት ታጣቂዎች ተገደሉ» እል ነበር። አንዲት ግሥ ናት። እሷ ስትወጣ ግን የአንድ ወገን መግለጫ የነበረው ሰው በዓይኑ ያየው ነገር ይመስላል። ብዙውን ጊዜ እዚያ ቦታ ደርሶ ያጣራ ጋዜጠኛ የለም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2018 ሶማሊያ ውስጥ ኤል ቡር አካባቢ የተፈጸመውን ድብደባ እይ። ዕዙ አምስት አሸባሪዎች ተገደሉ፣ ሰላማዊ ሰው አልተጎዳም አለ። ከዓመት በኋላ ሁለት ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን ራሱ አመነ። እናትና ልጅ ናቸው። እስካሁን ያንገበግበኛል። የመጀመሪያው ዜና የደረሰው ሰው ሁሉ እርማቱ ደርሶታል?

ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አድምጥ። ማን ነው ያለው? አልሸባብም በራሱ ሬዲዮ የራሱን ቁጥር ያወራል፤ እሱንም በዚያው ጆሮ ስማው።

ሀዋሳ፦
ድብደባው ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ተሰብስቦ የሚንቀሳቀስ ኃይል ይበትናል፣ መሪም ይገድላል። ችግሩ መሪ ይተካል። የአልሸባብን የጦር መሪ አይሮን አሜሪካኖች በሜይ 2008 ዱሳማሬብ ከተማ ላይ በሚሳኤል ገደሉት። የቡድኑን ዋና መሪ ጎዳኔን በሴፕቴምበር 1 ቀን 2014 ገደሉት። ሳምንት ሳይሞላ አህመድ ዲሪዬ ተተካ። ጎዳኔ ከተገደለ ከሰባት ወር በኋላ ታጣቂዎቹ ኬንያ ውስጥ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ገብተው 148 ሰው ጨረሱ። በኦክቶበር 2017 ደግሞ ሞቃዲሾ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ፍንዳታ ከ500 በላይ ሰው አለቀ።

ጅጅጋ፦
አጎቴ ሶማሊያ ውስጥ ጭነት መኪና ይነዳል። አንድ ቀን ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ፤ ደረሰኝ ነው። በአልሸባብ ኬላ ቀረጥ ከፍሎ የተሰጠው። የጭነቱ ዓይነት ተጽፎበታል። ቀጣዩ የእነሱ ኬላ ላይ ያንን ሲያሳይ ሁለተኛ አይከፍልም። ሌሎች ኬላዎች ላይ ግን በየደረሰበት ይከፍላል፣ ወረቀት የሚባል የለም። በመሬት ጠብ የተካሰሱ ሰዎችም ዳኝነት ፍለጋ ወደ እነሱ ይሄዳሉ፤ ስለሚወዷቸው ሳይሆን ቶሎ ስለሚፈርዱና ፍርዱ ስለሚፈጸም ነው። ያንን ደረሰኝ የሚጽፈውን ሰው በድሮን ብትገድለው ነገ ሌላ ሰው ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ዜና ስሰማ የሞተውን ሰው ቁጥር ትቼ መንገዱን ነው የምጠይቀው። ዛሬ በዚያ መንገድ ቀረጥ የሚሰበስበው ማን ነው?

የአዳማው ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጅጅጋውን መልስ ለአባቴ አነበብኩለት። ሬዲዮውን ቀነሰና ዝም አለ። ቆይቶ «ባይደዋን እኮ ይዘናት ነበር» አለኝ። ጥር 2001 ጦራችን ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ የከተማው ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያያቸው ነበር አለ። አገር ቤት ሳይደርሱ ከተማዋን አልሸባብ ያዛት። ይህን ለእኔ ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነው።