ከደሴ ወደ ጎንደር ስንዛወር የኪራይ ቤቱን በምን እንምረጥ?

ተዛዋሪ ከደሴ፦

የተከበራችሁ የጎንደር ነዋሪዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር በመጪው መስከረም ወደ ከተማችሁ እንዛወራለን። የእኔ ሥራ ማራኪ ሰፈር፣ የባለቤቴ ደግሞ አዘዞ ነው። ታላቁ ልጃችን ሦስተኛ ክፍል ይገባል፤ ታናሺቱ ገና አፀደ ሕፃናት ናት። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገት መውጣት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ስለዚህ ቤቱ ከታክሲ መውረጃ ብዙ የማያስኬድና ደረጃ የሌለው ቢሆን እንመርጣለን።

ዘመዳችን ያገናኘን ደላላ የሦስት ቤቶችን ፎቶ በቴሌግራም ልኮልናል። አንደኛው ፒያሳ አጠገብ፣ ሌሎች ሁለት ተከራዮች በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ የሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል አሮጌ ቤት ነው። ሁለተኛው ማራኪ፣ ከአከራዮቹ ቤት ጀርባ የተሠራ ባለ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ነው። ሦስተኛው አዘዞ የሚገኝ፣ ግድግዳው ገና ቀለም የተቀባ ሙሉ ግቢ ሲሆን፣ ስፋቱ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ኪራዩ ግን ከማራኪው ብዙም አይለይም። እውነቱን ለመናገር ልባችን ወደ ሦስተኛው አድልቷል። ደላላው ሌላ ፈላጊ እንዳለ እየነገረን የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ እንድንልክ በየቀኑ ይደውላል። ቤቱን በዓይናችን ሳናየው ገንዘብ መላኩ አስፈርቶናል፤ ቤቱ ቢያመልጠን ደግሞ በትምህርት መክፈቻ ከልጆችና ከታማሚ እናት ጋር ማረፊያ ፍለጋ መንከራተቱ ያሳስበናል። እናንተ ብትሆኑ ምን አይታችሁ ትመርጡ ነበር?

የማራኪ ነዋሪ፦

እንኳን ደኅና መጣችሁ። እኔ በ11 ዓመት ውስጥ በጎንደር አራት ቤት ተከራይቻለሁ፤ ከአራቱ ሁለቱን የለቀቅሁት በውኃ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ስፋትና ከቀለሙ በፊት ስለ ውኃው እንድትጠይቁ አጥብቄ እመክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማዋ ውኃ ለብዙ ዓመታት የኖረው በአንገረብ ግድብና በጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ነው። ግድቡ በደለል ምክንያት የመያዝ አቅሙ ቀንሷል፣ የነዋሪው ቁጥር ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል፤ በዚህም የተነሣ ውኃ በፈረቃ ይመጣል። በዚያ ላይ የድሮዋ ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ ከታች ያለው ቤት ጀሪካኑን ሞልቶ ሲጨርስ ከላይ ያለው ቤት ቧንቧ ገና አየር የሚተፋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ "ሰፈሩ ውኃ አለው?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የዚያ ግቢ ቧንቧ በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣ፣ መጥቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በሌሊት ብቻ የሚመጣም ከሆነ ማን ተነሥቶ እንደሚቀዳ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህንንም ከአከራዩ ይልቅ ጎረቤቱን ጠይቁ፤ የሰፈሩ ባለ ሱቅ ከሁሉም የተሻለ ያውቃል።

ሮቶ አለ ከተባላችሁ የስንት ሊትር እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት አስሉ። አንድ ሰው በቁጠባ በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም፣ አምስት ሰው 200 ሊትር ይፈልጋል፤ 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አምስት ቀን ያደርሳችኋል ማለት ነው። ይኸው ሮቶ ስድስት ሰው ካለው የአከራይ ቤተሰብ ጋር የጋራ ከሆነ ግን በቀን 440 ሊትር ስለሚወጣበት ሁለት ቀን ተኩል እንኳ አይሞላም። የማራኪው ሰርቪስ ዋናው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።

መንገዱን በተመለከተ፣ አዘዞ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ማራኪ ደግሞ በመካከል ነው። ፒያሳ ብትከራዩ ሁለታችሁም በየቀኑ ታክሲ ትጋፋላችሁ፤ አዘዞ ብትከራዩ እርስዎ፣ ማራኪ ብትከራዩ ባለቤትዎ ብቻ ትመላለሳለች። ከሁለታችሁ ማን ቀድሞ ገብቶ ልጆቹን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ውሳኔውን ግማሽ ያቀልላችኋል።

በግንባታ ሥራ የምተዳደር፦

በውኃው ላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ግድግዳው ልጨምር፤ "ገና ቀለም የተቀባ" የሚለው ቃል ስላሳሰበኝ ነው።

ወደ አዘዞና ጠዳ በሚወስደው ሜዳ ላይ በብዙ ቦታ ዋልካ አፈር አለ። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በቂ ጥልቀት ሳይኖረው የተሠራ ቤት ከአፈሩ ጋር እየተነሣና እየወረደ ጥቂት ዓመታት ሲቆይ፣ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ያወጣል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በስቱኮና በቀለም ለአንድ ክረምት ሊሸፈን ይችላል። ቤቱን ስታዩ በሮቹንና መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታችሁ ዝጓቸው፤ በሩ ወለሉን እየታከከ የሚዘጋ ከሆነ ወይም መስኮቱ ከመቃኑ ጋር የማይገጥም ከሆነ ቤቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ይህን ስል የአዘዞ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ በድንጋይ መሠረት በደንብ የተሠሩና ብዙ ዘመን የቆዩ ቤቶች እዚያው አሉ።

የፒያሳው ቤት ጭቃ በሲሚንቶ የተለሰነ እንዳይሆን እዩ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከሥሩ እርጥበት ስቦ ሲሚንቶው መውጫ ስለሚከለክለው ክፍሉ ይሻግታል። እጃችሁን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ አሳርፉ፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚቆምበትን ጥግ አሽትቱ፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ቆርቆሮው የሚያፈስበት ቦታ እዚያው ነው። አከራዩ "ከገባችሁ በኋላ ማድ ቤት እጨምራለሁ" ቢላችሁ በፋሲል ግቢ ዙሪያ ግንባታ ማስፋት እንደ ሌላው ሰፈር ቀላል እንዳልሆነ አስታውሱ፤ ቦታው ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ነሐሴ ሳያልቅ መጥታችሁ እዩ። ክረምት የቤት ገመና አውጪ ነው። ዶፍ በወረደ ማግስት የግቢው ውኃ ወዴት እንደሚፈስ፣ ባጃጅ እስከ በሩ መግባት አለመቻሉን፣ ሽንት ቤቱ መሙላት አለመሙላቱን በአንድ ጠዋት ታያላችሁ፤ በጥቅምት ብትመጡ ይህ ሁሉ ደርቆ ይጠብቃችኋል።

የሕግ ተማሪ የነበረች፦

ስለ ቅድሚያ ክፍያው ለመናገር ነው የገባሁት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው አካል ቀርቦ እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ በመሆኑም ቤቱ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ የኪራይ ውል የሚመዘግብ መሆኑን በአካል ጠይቁ። አሠራሩ እንዴትም ቢሆን የጽሑፍ ውል ይኑራችሁ።

ደላላው የጠየቀው ሦስት ወር ከዚህ ልክ ያለፈ ነው። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የሚላክበት ሂሳብ ነው። የገንዘቡ ተቀባይ ስም፣ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ ያለው ስምና ውሉን የሚፈርመው ሰው ስም አንድ ካልሆነ አንድ ብር እንዳትልኩ። ፈራሚው ወኪል ከሆነ የውክልና ሰነዱን ይዩ፤ ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርሙ። በውሉ ላይ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን የዕለቱን ንባብ፣ የቁልፎቹን ብዛት፣ ተሰብሮ ያገኛችሁትንም ነገር ሁሉ ጻፉ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ከእኔ በፊት የተሰበረ የመስታወት በር ከፍዬ ወጥቻለሁ፤ ስገባ አንድ መስመር አለመጻፌ ነው ያስከፈለኝ።

ከደሴ ስትወጡ የቀበሌ መሸኛችሁንና የልጁን የትምህርት ቤት መልቀቂያ አትርሱ፤ ያለ እነዚህ እዚህ ብዙ ትመላለሳላችሁ።

ተዛዋሪ ከደሴ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለደላላው ቤቱን ሳናይ እንደማንከፍል ዛሬ ነግሬዋለሁ። ባለቤቴ ሁለት ነገር ጠይቅልኝ ብላለች። የመጀመሪያው ሰርቪስ ቤት ለተከራየ ሰው በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ መጋገር ይፈቀዳል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ እናቴን የሚመለከት ነው፤ እኛ ዘንድ ቅሬ የምንለው የሰፈር መረዳጃ ተከራይን ይቀበላል ወይ?

የአራዳ አከራይ፦

ልጄ፣ እኔ ከ20 ዓመት በላይ ቤት ሳከራይ የኖርሁ ሴት ነኝና ከአከራይ በኩል ያለውን ልንገርህ።

ምጣድ ብዙ አከራይና ተከራይ የሚቀያየሙበት ነገር ነው። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ፣ መስመሩ ቀጭን በሆነ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሶኬት ያቀልጣል፤ አከራይዋ በዚያው ሰዓት እየጋገረች ከሆነ ቆጣሪው ይዘጋል። እኔ ግቢ ሴቶቹ ቀን ተከፋፍለዋል፣ ሰላም ነው። ስለዚህ ባለቤትህ ቤቱን ስታይ ምጣዱን የምትሰካበትን ቦታ ትጠይቅ፣ የምትጋግርበትንም ቀን ከመግባቷ በፊት ከአከራይዋ ጋር ትስማማ። የመብራት ሂሳቡንም እንዲሁ። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ፣ ለየብቻቸው 90 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያወጡ ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቃለሉ 270 ይሆኑና ከሁለተኛው እርከን ወደ አራተኛው ይወጣሉ። ተከራዩ አከራዩ የበላው ይመስለዋል፣ አከራዩም በሐሰት ተጠረጠርሁ ብሎ ያዝናል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ካገኛችሁ ጥቂት ብትጨምሩበት አትጎዱም፤ ከሌለው ሂሳቡ በምን እንደሚካፈል በውሉ ይጻፍ።

የሰዉን ቁጥር አትደብቅ። አንድ ጊዜ ሦስት ነን ብለው የገቡ ተከራዮች ሰባት ሆነው ተገኙብኝ፤ ሰው መብዛቱ ሳይሆን መዋሸታቸው ነው ያስከፋኝ። እናትህ አብረዋችሁ እንደሚኖሩ፣ ከደሴም ጠያቂ ዘመድ እንደሚመጣባችሁ ቀድመህ ተናገር። የውጭው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋም ጠይቅ፤ ባለቤትህ ከአዘዞ የምታመሽ ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ እናትህ ግን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት አይችልም። ፎቶው ላይ ሳሎኑን እንጂ ይህን አያሳዩህም። መቀመጫ ያለው መሆኑን፣ ከመኝታ ክፍሉ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ በክረምት ሌሊት ጭቃ ሳይረግጡ የሚደርሱበት መሆኑን እይ። እኔ ብሆን በሦስቱ ቤቶች መካከል የምመርጠው በዚህ ነው።

እድር ተከራይን ይቀበላል፤ የመግቢያ ክፍያውና ደንቡ ከእድር እድር ይለያያል። በገባችሁ በመጀመሪያው ወር ሰብሳቢውን ጠይቃችሁ ተመዝገቡ። እናትህም በሰፈሩ ቡና የሚጠራቸው ሰው የሚያገኙት በዚያ በኩል ነው።

ተዛዋሪ ከደሴ፦

እማማ፣ የሽንት ቤቱን ነገር እኔም ባለቤቴም አላሰብነውም ነበር፤ እናቴ ግን ምላሽዎን ሳነብላት "እሳቸው ገብቷቸዋል" አለች። ዛሬ ደውዬ ስጠይቅ የአዘዞውም የፒያሳውም መቀመጫ እንደሌለው ተነገረኝ። የማራኪው አለው፤ የራሱ የመብራት ቆጣሪ ግን የለውም፣ ሮቶውም ባለ 1000 ሊትር የጋራ ነው። የአዘዞው ባለቤት በራሳችን ወጪ መቀመጫ ብናስገባ እንደማይከለክሉ ነግረውኛል። ከነሐሴ 15 በኋላ ባለው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር መጥተን ዘመዳችን ዘንድ ሦስት ሌሊት አድረን የማራኪውንና የአዘዞውን ቤት እናያለን።

በግንባታ ሥራ የምተዳደር፦

የአዘዞውን ስታዩ መቀመጫ ከማስገባት በፊት የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንዳለና መጣጭ መኪና ሊደርስበት መቻሉን እዩ፤ መቀመጫው በየጊዜው ውኃ ስለሚፈልግ የውኃውን ሂሳብም እንደገና አስሉት። የማራኪው አከራዮች ፈቃደኛ ከሆኑ ግን ለእናንተ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሮቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ስትለቁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ሮቶው የሚያርፍበት መደብ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሆን አለበት፤ ሲሞላ ከአንድ ቶን በላይ ስለሚመዝን በእንጨት ቆጥ ላይ አታሳርፉት።