አባትና ልጅ አንድ ቮልስ እያደስን ነው፤ የትኛውን እንጠብቅ፣ የትኛውን እንለውጥ?

የጦሳ ሥር ሰው (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በ1974 ዓ.ም. ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ የገዛኋት ቮልስዋገን አለችኝ። በሊብሬዋ ላይ የሠፈረው ዘመን እ.ኤ.አ. 1966 ሲሆን ሞተሯ 1300 ሲሲ፣ ኤሌክትሪኳ ባለ 6 ቮልት፣ የአራቱም ጎማዎች ፍሬን በታምቡር (ከጎማው ጋር በሚዞር ከበሮ መሰል ብረት) የሚሠራ ነው። ባለቤቴን ከወላጆቿ ቤት ያመጣኋት በእርሷ ነው፤ ሦስቱም ልጆቼ ከተወለዱበት ሆስፒታል ወደ ቤት የገቡት በእርሷ ነው። በ1996 ዓ.ም. ፍሪሲዮኗ አለቀ፤ ማሠሪያ ገንዘብ በእጄ ስላልነበረ ለአንድ ወር ብዬ ከጓሮ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆምኳት። ያ አንድ ወር ሃያ ዓመት አለፈው።

የመጨረሻው ልጄ ኤሌክትሪክ አጥንቶ ሲመለስ "አባባ፣ እናስነሣት" አለኝ፤ ከመስከረም ጀምሮም ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን እንሠራለን። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያዙትን አራት ቡሎኖች ፈትተን፣ በክሪክ ደግፈን አውርደናል። ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል በአሲድ ተበልቶ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል። በግራው የፊት ፓራፋንጎ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቀለም በውኃና በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቅ ደግሞ ከሥሩ ነጣ ያለ ሰማያዊ ብቅ አለ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳት አረንጓዴ መስላኝ ኖሬያለሁ። ልጄ ጣቱን በምራቁ አርሶ ያቺን የሳንቲም ስፋት ያላትን ሰማያዊ ደጋግሞ ሲጠርጋት ሁለታችንም ምንም ቃል አልተነፈስንም።

ያልተስማማነው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ላይ ነው። ልጄ 1600 ሞተር፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን፣ 12 ቮልት ኤሌክትሪክና ሰፋፊ ቸርኬ እንዲገባላት፣ ቁመቷም ዝቅ እንዲል ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣች፣ እንደማውቃት ሆና እንድትነሣ እፈልጋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በዚህ ጉዳይ ቃል ተለዋወጥንና ልጄ መፍቻውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እሑድ ተመልሶ መጥቷል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሳንነጋገር ሠራን፤ ይህ ከመኪናዋ ዝገት ይልቅ አሳስቦኛል። በዕድሜም በሙያም የምታውቁ ወገኖች፣ የትኛው ለውጥ ጥቅም እንዳለው፣ የትኛው ጉዳት እንዳለው ንገሩን። ምላሻችሁን ከልጄ ጋር ተቀምጠን እናነበዋለን።

አሥራ ሰባት ቁጥር (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ አብሽሩ። እኔ በመካኒክነት ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሃያ ዓመት የቆመች መኪና ሲያስነሡ ከሞተሩ በፊት የሚታሰበው ፍሬኗ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩት ቮልሶች የፍሬን ዘይት መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ሁለት መስመር ፍሬን በእነዚህ መኪኖች ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1967 አጋማሽ ወዲህ ነው። ይህ ማለት ከአራቱ ጎማዎች በአንዱ ላይ ያለች ጎሚኒ (ዘይቱን የምታግድ ላስቲክ) ብታፈስ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ ከመጽሐፍ አይደለም። ወጣት ሳለሁ የእርስዎን የመሰለች ቮልስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይዤ ስወርድ፣ ሐረጎ ላይ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለል ነካ። የኋላው የቀኝ ጎማ የፍሬን ፓምፕ ዘይቱን ታምቡሩ ውስጥ ተፍቶት ነበር። በሁለተኛ ማርሽ ላይ ስለነበርኩና የእጅ ፍሬኑ በገመድ ለብቻው የሚሠራ ስለሆነ፣ እያሻሸሁ ወደ ተራራው በኩል ባለው ቦይ አስጠጋኋትና ቆመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሮጌ መኪና ወደ ጋራዤ ሲገባ ካርቡሬተሩን ከመክፈቴ በፊት ጎማውን አወልቃለሁ።

ስለዚህ ዋናውን የፍሬን ፓምፕ በባለ ሁለት መስመር ይቀይሩት። ከቀድሞው ቦታ ላይ የሚታሰር ነው፤ አንድ ተጨማሪ ቧንቧና የዘይት ማጠራቀሚያ ይጠይቃል እንጂ ከውጭ ሆኖ ለሚያያት ሰው መኪናዋ ምንም አልተለወጠችም። በየጎማው ያሉትን ትናንሽ ፓምፖች፣ አራቱን የፍሬን ዘይት ላስቲክ ቱቦዎችና የብረት ቧንቧዎቹን ሁሉ አዲስ ያድርጓቸው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም፣ ውኃ ሲጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ከ600 ሜትር በላይ በሚያወርድ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ሸራ ሲግል ይህ ልዩነት ሕይወት ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ይለውጡት።

ዲስኩን በተመለከተ ለልጅዎ የምለው አለኝ። ለ1300 ሞተር ጥሩ ሸራ ያለውና በትክክል የተስተካከለ ታምቡር ይበቃል፤ ማስተካከሉም በታምቡሩ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ ጥርሱን ማዞር ነው። ፋብሪካው በ1500 ቮልስ ላይ የገጠመው የፊት ዲስክ ለባለ አራት ቡሎን ቸርኬ ነው፤ የእናንተ ቸርኬ ደግሞ ባለ አምስት ነው። የፊቱን ብቻ ከቀየራችሁ ሁለት ዓይነት ትርፍ ጎማ መያዝ አለባችሁ። በዚያ ላይ ያ ዲስክ የሚገጥመው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1965 ወዲህ በተሠራው የፊት እግር (የፊት ጎማዎቹን በሚይዘው ክፍል) ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው አሠራሩ ሌላ ነው።

ይህን ለማወቅ ሊብሬውን ብቻ አትመኑ፤ በሊብሬ ላይ የሚገኘው ዘመን ሁልጊዜ የተሠራችበት ላይሆን ይችላል። የኋላ ወንበሩን አንሡና በመካከል በሚያልፈው የወለል ጉብታ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አንብቡ። ዘጠኝ አሃዝ ከሆነ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ 6 ከሆነ ከነሐሴ 1965 እስከ ሐምሌ 1966 የተሠራች ናት። የ1300 ሞተር ቁጥር ደግሞ በኤፍ ፊደል ይጀምራል።

ወለሉን በቆርቆሮና በሬንጅ እንዳትሸፍኑት። ጤነኛ ብረት እስክታገኙ ድረስ ቆርጣችሁ አዲስ ላሜራ በየዱ። በየበሩ ሥር የሚሄደው፣ የማሞቂያው አየር የሚያልፍበት ሣጥን ከተበላ ግን ከመቁረጣችሁ በፊት የበሮቹን ክፍተት በብረት ዘንግ አግዳችሁ በየዱት፤ ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የያዘው እርሱ ስለሆነ፣ ያለ ድጋፍ የቆረጠ ሰው በሩ ዳግመኛ አይዘጋለትም።

ቦሩ ሜዳ

ይህ ለወንድሜ፣ ለልጅዎ ነው። ስለ 1600 ሞተሩ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተር ደግሞ የሚስበው አየር ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በወረቀት 40 የፈረስ ጉልበት ያለው 1300 እዚህ 30 ያህል ይሰጣል። 50 የሚባለው 1600 ደግሞ 37 ወይም 38 ይሰጣል። ለዚህ ትርፍ ብለህ ሞተሩን ስትለውጥ በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ስለሚለወጥ ማስመዝገብ አለብህ። የ1600 ፍላይዊል (ሞተር ሲነሣ ስታርተሩ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) 130 ጥርስ ነው፤ የባለ 6 ቮልቱ 109 ነው፤ ስለዚህ ስታርተሩ አይገጥምም፣ የካምቢዮውም ቤት ካልተሞረደ ፍላይዊሉ አይገባም።

ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር መሆኑን አትርሳ። የሳሳ አየር ጉልበት ከመቀነሱም በላይ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙም ያነሰ ነው። በእነዚህ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በሦስተኛው ሲሊንደር የአየር መንገድ ላይ ስለሆነ፣ እርሱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ብዙ ሰው የሞተሩን ዙሪያ የሚሸፍኑትን ላሜራዎችና በዳር ያለውን የላስቲክ ማሸጊያ ሥራ የሌላቸው መስለውት ይጥላቸዋል፤ እነርሱ ከሌሉ ማራገቢያው የሚስበው ከሥር የተመለሰውን ትኩስ አየር ነው። መጀመሪያ እነርሱን ሰብስብ።

በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቡሎን፣ ጄት የሚባለውን፣ አንድ ደረጃ ባነሰ ብትቀይረው ጥቁር ጭሱ ይቀንሳል፣ ካንዴላውም በጥላሸት አይሸፈንም። ነገር ግን በባቲ አድርገህ ወደ ሚሌ ከወረድክ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ያኔ ትንሹ ጄት ቤንዚን ያሳንስበትና ፒስተን ያቃጥላል። የፋብሪካው ጄት ምንጊዜም ከመኪናዋ ጋር ይሁን።

ጋሼ፣ 12 ቮልቱን ግን ለልጅዎ ይልቀቁለት። ቮልቱ ሲጨምር ለተመሳሳይ መብራት የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በግማሽ ስለሚቀንስ የድሮው ሽቦ ይበቃል፤ ዲናሞው፣ መቆጣጠሪያው፣ ኮይሉ፣ አምፖሎቹና የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ይለወጣሉ፤ የነዳጅ መለኪያዋ በገመድ የምትሠራ ከሆነች አይነካትም። የድሮውን ዲናሞ አስቀምጣችሁ በፈለጋችሁ ጊዜ ልትመልሱት ትችላላችሁ። በሌሊት ጉም ውስጥ ደሴ መግቢያ ላይ በ6 ቮልት መብራት የነዳ ሰው ይህን አይከራከርም።

የወልዲያዋ

እኔ የምጽፈው ከልጅ ወገን ሆኜ ነው። ከአባባ ጋር አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አድሰን ነበር። ቴፕ ለማስገባት ብዬ የዳሽቦርዱን ብረት በመጋዝ ቆርጬዋለሁ፤ አባባ ቆመው ያዩኝ ነበር፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። ካረፉ በኋላ ነው እዚያች ቦታ ላይ እርሳቸው የዘይት መለኪያ ይገጥሙባት የነበረች ቀዳዳ እንደነበረች የተረዳሁት፤ ዛሬ የለችም።

ጋሼ፣ ዝም አይበሉት። ልብዎ ያለበትን ቦታ ያሳዩት፤ "ይቺን አትንካብኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው" ይበሉት። ልጅዎም በበኩሉ የሚፈታውን ሁሉ በዘይት አብሶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከየት እንደወጣ እርስዎ እየነገሩት ይጻፍበት። የሚቆረጥና የሚበየድ ለውጥ አንድ ነገር ነው፣ በቡሎን ገብቶ በቡሎን የሚወጣ ሌላ ነው፤ እኔ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ብቻ እፈቅድ ነበር። መኪናዋን ዝቅ ማድረግ ግን በእኛ መንገድ ላይ አይመከርም፤ ሞተሯ ከኋላ ተንጠልጥሎ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ ድንጋይ የሚያገኘው እርሱን ነው።

የጦሳ ሥር ሰው (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ምላሻችሁን ማክሰኞ ማታ ቡና እየተፈላ ሳለ ልጄ ጮክ ብሎ አነበበልን፤ የወልዲያዋ እህታችን ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ።

ቅዳሜ የኋላውን ወንበር አነሣን። ቁጥሩ በአፈርና በዝገት ተሸፍኖ ስለነበር ልጄ በጥርስ ብሩሽና በናፍጣ አጸዳው፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ አሃዙን አንድ በአንድ ጠራሁለት። ሦስተኛው አሃዝ 5 ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግመን አነበብነው። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ እንደተባለው በኤፍ ይጀምራል። ኮምቦልቻ ወዳለው ወንድሜ ደውለን ስንጠይቅ፣ ሞዴሏ የ1965 ከሆነ ከፋብሪካ የወጣችው በ1200 ሞተር እንደሆነና ይህን 1300 ከእኔ በፊት የነበረ ሰው እንደገጠመው አስረዳን። "እንደነበረች ትሁን" እያልኩ ከልጄ ጋር የተከራከርኩላት መኪና እኔ ዘንድ ከመድረሷ በፊት ሞተሯም ቀለሟም ተለውጦ ነበር። ልጄ ይህን ሲሰማ በእኔ ላይ ድል እንዳገኘ አልቆጠረውም፤ "አባባ፣ ያ ሰው ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው" ብቻ አለኝ።

የፊት እግሯ የድሮው ዓይነት ስለሆነ የዲስኩን ሐሳብ ልጄ ራሱ ተወው። ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ፓምፕ እንገጥማለን፤ 1300 ሞተሯ ይቀራል፤ 12 ቮልቱ የእርሱ ሥራ ነው፣ እኔ አልገባበትም። ሰፋፊ ቸርኬውን ገና እየተነጋገርንበት ነው።

አሁን የቀረው ቀለሙ ነው፤ በዚህ ደግሞ ቦታ ተለዋውጠናል። ፋብሪካው የቀባት ያ ሰማያዊ ነውና ልጄ "ወደ እርሱ እንመልሳት" ይላል፤ እኔ ግን አረንጓዴዋን ነው የማውቀው። ባለቤቴን ጠየቅናት። ሙሽራ ሆና ስትገባ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን በሩ ላይ አሳርፋ እንደነበረና የእጇ ሂና በአረንጓዴው ላይ እንዴት ይታይ እንደነበረ ነገረችን። ልጄ ይህን ሰምቶት አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የወለሉን ላሜራ እንቆርጣለን፤ ቀለሙ ገና ሁለት ወር ጊዜ አለው።